የእንግሊዝኛን ምሳሌያዊ አነጋገር በሞያሌ ስለ ማስተማር
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ቋንቋ ሁሉ ሁለት ዓይነት አነጋገር አለው። አንደኛው ነገሩን በገዛ ስሙ ጠርቶ የሚናገር ሲሆን ሁለተኛው አንዱን ነገር በሌላው መስሎ የሚናገር ነው። «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» የተባለውም ይህ ሁለተኛው አነጋገር ለአስተዋይ ሰው ምን ያህል እንደሚጥም ለማስረዳት ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የመጀመሪያውን አነጋገር በሰዋስውና በመዝገበ ቃላት ርዳታ ሊደርስበት ይችላል። ሁለተኛው ግን ቃላቱን አንድ በአንድ እያወቃቸው ትርጓሜያቸው የሚያመልጠው ነው። ስለዚህ ምሳሌያዊ አነጋገርን ማስተማር ለጌጥ ያህል በትምህርቱ ዳር የሚቀመጥ ነገር ሳይሆን፥ ልጁ ያነበበውን መረዳት አለመረዳቱን የሚወስን ቁም ነገር ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር ሞያሌን የመሰለ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። ሞያሌ በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ የተመሠረተች፥ አንድ ስም ይዛ ለሁለት መንግሥታት የምትተዳደር ከተማ ናት። የኬንያው ወገን በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፥ ከተማይቱ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የቦረና፥ የገብራ፥ የቡርጂ፥ የገሪ፥ የሳኩዬና የሌሎችም ወገኖች ልጆች በአንድ መንደር ያድጋሉ። በቤት ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ወይም ቡርጂኛ፥ በገበያ ስዋሂሊና አማርኛ፥ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይሰማል። በዚህች ከተማ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ሦስት ቋንቋ ቢናገር የሚደነቅበት ሰው የለም።

በኬንያ የትምህርት ሥርዐት ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በአካባቢያቸው ቋንቋ፥ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ግን በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ተወስኗል። በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያዎቹ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል በሚዘልቀው በአዲሱ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጀመሩ። በኢትዮጵያም ወገን 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለው ተለይተዋል። በሁለቱም ወገን ይህ ዕድሜ እንግሊዝኛው ከዕለት ተዕለት ሰላምታና ከቀላል ዐረፍተ ነገር ወጥቶ ወደ ግጥም፥ ወደ ታሪክና ወደ ድርሰት የሚሻገርበት ነው። ምሳሌያዊውም አነጋገር ልጁን በብዛት የሚገጥመው በዚሁ ጊዜ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የተሳሳተ አሳብ መወገድ ይገባዋል። ይኸውም ልጁ ወደ ክፍል ሲገባ ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር ምንም የማያውቅ፥ አስተማሪው ብቻ የሚሞላው ባዶ እንስራ ነው የሚለው አሳብ ነው። ነገሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ኦሮሞው ማማክሳ፥ ሶማሌው ማህማህ፥ ስዋሂሊ ተናጋሪው ሜሳሊ፥ አማራው ተረትና ምሳሌ እያለ የሚጠራው አንድ ዓይነት ጥበብ ነው። እንዲያውም ሜሳሊ የተባለው የስዋሂሊ ቃል ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ምሳሌ የተባለው የአማርኛ ቃል ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የሴም ቋንቋዎች ሥር የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። በኬንያ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ደግሞ በስዋሂሊ ትምህርቱ ተነጻጻሪውን ዘይቤ ታሽቢሂ፥ ፈሊጡን ናሃው እያለ ስማቸውን ጭምር ያጠናል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ልጅ የጎደለው ምሳሌያዊ አነጋገርን የመረዳት ችሎታ አይደለም። የጎደለው እንግሊዝኛው ምሳሌዎቹን የቀዳበትን አገርና ኑሮ ማወቅ ነው።

ይህንም አንድ ግልጽ ማስረጃ ያሳያል። አማርኛ ተናጋሪ «ለክፉ ቀን» ብሎ ገንዘብ የሚያስቀምጠውን፥ እንግሊዞች «ለዝናብ ቀን ማስቀመጥ» ይሉታል። በእንግሊዝ አገር ዝናብ ብርድና ጭጋግ ይዞ የሚመጣ፥ የውጭ ሥራን የሚያስፈታ፥ ሰውን በቤት የሚያስቀምጥ ነው፤ ስለዚህ የዝናብ ቀን የችግር ቀን ምሳሌ ሆነ። በሞያሌ ዙሪያ ግን ኑሮ የተመሠረተው በከብትና በግመል ላይ ነው። ቦረናዎች ዋናውን የዝናብ ወራት ገና፥ አነስተኛውን ሐገያ ብለው ይጠሩታል፤ የሣሩና የኩሬው፥ የወተቱና የሠርጉ ነገር ሁሉ በእነዚህ ወራት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከ2020 መጨረሻ አንሥቶ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው በሰሜን ኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። ዛሬ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚገኙት ልጆች ያን ጊዜ በዓይናቸው አይተውታል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ልጅ «ለዝናብ ቀን አስቀምጥ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢቀርብለትና «ዝናብ ሲዘንብ ደስታ ስለሚሆን ለደስታው ቀን የሚሆን ገንዘብ አስቀምጥ ማለት ነው» ብሎ ቢመልስ፥ መልሱ በመጽሐፉ መሠረት ስሕተት ነው፤ አስተሳሰቡ ግን ፍጹም ትክክል ነው። ልጁ ምሳሌውን ተረድቷል፤ የተረዳው ግን በገዛ አገሩ ዝናብ ነው። አስተማሪው ቀይ መስመር አስምሮ «ስሕተት» ብቻ ቢለው፥ ልጁ የሚማረው ነገር እንግሊዝኛ ምክንያት የሌለው ቋንቋ መሆኑን፥ የገዛ ሕይወቱም በዚህ ቋንቋ ውስጥ ስፍራ የሌለው መሆኑን ነው። «ዝናብ በእንግሊዝ አገር ሰውን ምን ያደርገዋል? በሞያሌስ?» ብሎ ቢጠይቀው ግን በአንድ ጥያቄ ሁለት ነገር ያገኛል። የፈሊጡን ትርጓሜ ያውቃል፤ ትርጓሜውም ከየት እንደ መጣ ይረዳል።

እንዲህ ያለው መሰናክል አንድ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ጉጉትን የጥበብ ምሳሌ ያደርጉታል፤ በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ በብዙ ስፍራ ግን የጉጉት ድምፅ የክፉ ነገር ምልክት ነው ተብሎ ይፈራል። እንግሊዞች ተንኰለኛውን ሰው በቀበሮ ይመስሉታል፤ በስዋሂሊ ተረት ግን ብልጧ ጥንቸል ናት፤ በአማርኛው ተረት ደግሞ ጦጣ። የሼክስፒር 18ኛው ሶኔት የተወደደውን ሰው ከእንግሊዝ አገር የበጋ ቀን ጋር ያስተያያል። በዚያ አገር በጋ ለስላሳና ናፍቆት ያለበት ወራት ነው፤ «በጋ» የሚለውን የአማርኛ ቃል ብቻ ይዞ ለሚተረጉም ልጅ ግን በጋ ማለት ደረቁ ወራት፥ ለከብት ጠባቂውም ልጅ የጥማት ጊዜ ነው። ነጭነት በበረዶ ሲመሰልም፥ በረዶን ከሥዕል በቀር አይቶ የማያውቅ ልጅ ቃሉን ሊሸመድደው ይችላል እንጂ በልቡ ሊያየው አይችልም። ለእርሱ ነጭነት ከወተት የበለጠ ምሳሌ የለውም።

ከዚህም የጠለቀ ልዩነት አለ። አማርኛ የሰውን ስሜት በሆድ ውስጥ ያኖረዋል፤ ታጋሹን ሰው «ሆደ ሰፊ»፥ ርኅሩኁን «ሆደ ቡቡ» ይለዋል። ኦሮምኛም እንደዚሁ ርኅራኄን በሆድ ይናገራል፤ «ገራ ላፋ» ማለት ቃል በቃል ሆደ ለስላሳ፥ በትርጓሜው ግን ሩኅሩኅ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን ስሜትን ለልብ ሰጥቶታል። ስለዚህ አንዲት ተማሪ በእንግሊዝኛ ድርሰትዋ «እናቴ ለስላሳ ሆድ አላት» ብላ ብትጽፍ፥ ከቤትዋ ያመጣችው አነጋገር እውነተኛና የከበረ ነው፤ እንግሊዛዊ አንባቢ ግን የሚረዳው ስለ እናትዋ ሆድ ዕቃ የተነገረ አድርጎ ነው።

የዚህ ንግግር ዋና አሳብ የሚገለጸውም እዚህ ላይ ነው። የሞያሌ ተማሪ በእንግሊዝኛ ድርሰቱ ውስጥ ከቤቱ ያመጣውን ምሳሌ ሲጽፍ፥ አስተማሪው ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን መለየት ይገባዋል። አንደኛው ፈሊጥ ነው። ፈሊጥ በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ስምምነት የጸና፥ ቃሉ ሊለወጥ የማይችል አነጋገር ነው። ስሜት በሆድ ነው ወይስ በልብ የሚለው ጥያቄ በምርምር አይወሰንም፤ ቋንቋው እንደ ወሰነው ይወሰዳል። ስለዚህ «ለስላሳ ሆድ» የሚለው መታረም አለበት፤ በሚታረምበትም ጊዜ ምክንያቱ ከነክብሩ መነገር አለበት። ሁለተኛው ግን ጸሐፊው ራሱ አይቶ የሚፈጥረው ንጽጽር ነው። ተማሪው «የእኅቴ ድምፅ ከረጅም ድርቅ በኋላ እንደ ዘነበ የገና ዝናብ ደስ አሰኘኝ» ብሎ ቢጽፍ፥ በዚህ ውስጥ የሚታረም ነገር የለም። ይህ ንጹሕ እንግሊዝኛ ሊሆን የሚችል፥ ከመጽሐፍ ያልተቀዳ፥ በእውነት የታየ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያውን እንደ ስሕተት ቀጥቶ ሁለተኛውንም «እንግሊዞች እንዲህ አይሉም» ብሎ የሚሰርዝ አስተማሪ፥ የቋንቋውን ሕግ የጠበቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ልጁ በገዛ ዓይኑ አይቶ የመጻፍ ድፍረቱን ይሰብርበታል።

ይህ ስጋት ባዶ ግምት አይደለም። በኬንያ ከ1985 እስከ 2023 ድረስ የአንደኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና በሚሰጥበት ዘመን የድርሰት ጽሑፍ የፈተናው አንድ ክፍል ስለ ነበረ፥ ብዙ ልጆች ለማርክ ሲሉ የተዘጋጁ ንጽጽሮችን በዝርዝር ይሸመድዱ ነበር። እንደ አንበሳ ደፋር፥ እንደ ንብ ታታሪ፥ እንደ በረዶ ነጭ የሚሉት አባባሎች ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው ይገለበጡ ነበር። ፈተናው ቢለወጥም ልማዱ በቶሎ አይለቅም። እንዲህ ያለው አባባል በመጀመሪያ ሲነገር ብርቱ ምሳሌ ነበር፤ ከብዙ አገልግሎት በኋላ ግን እንደ ተላጠ ሳንቲም መልኩ ጠፍቷል። ልጁ እርሱን ሲጽፍ የሚያስበው ስለ ንብ ወይም ስለ በረዶ ሳይሆን ስለ ማርኩ ነው።

እንግዲህ አስተማሪው ምን ያድርግ? ምሳሌያዊ አነጋገርን ከስሙ ጀምሮ ማስተማር፥ ማለት ተነጻጻሪ፥ ተለዋጭ፥ ሰውኛ፥ ግነት፥ ምጸት እያሉ ትርጓሜያቸውን በሰሌዳ ማጻፍ፥ ከመጨረሻው መጀመር ነው። ስሙ የሚያስፈልገው ነገሩ ከታወቀ በኋላ ነው። ከነገሩ ለመጀመር ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው «የሚነገርለት ነገር ምንድር ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በምን ተመሰለ?» የሚል ነው። ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ «ከምሳሌው ወደ ተመሰለው ነገር የትኛው ጠባይ ተሻገረ? የትኛውስ ቀረ?» የሚል ነው።

ሜታፎር የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ማሻገር ማለት ነው። ይህን ለሞያሌ ልጅ ማስረዳት አያስቸግርም። በዲሴምበር 2020 የተመረቀውን የሞያሌን የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ የማያውቅ ተማሪ የለም። በዚያ የጭነት መኪና ሲደርስ የሚያልፈው ዕቃ ያልፋል፤ የማያልፈው ይቀራል። «አባቷ አንበሳ ነው» የተባለ እንደ ሆነ፥ ከአንበሳው ወደ አባቷ የሚሻገረው ድፍረቱ ነው፤ ጅራቱና ጥፍሩ ግን ይቀራሉ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ «አንበሳ ጥጃ በሊታ ስለ ሆነ አባቷ ሌባ ነው ማለት ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ ሊሳቅበት አይገባም። ያ ልጅ ሦስተኛውን ጥያቄ በትክክል ጠየቀ፤ መልሱንም ከተቀረው ጽሑፍ ውስጥ እንዲፈልግ ሊመራ ይገባዋል።

ኢትዮጵያዊው አስተማሪ ለዚህ ሥራ የተለየ ሀብት አለው። አንጥረኛ በሰም ቅርጽ አውጥቶ፥ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በስፍራው ወርቁን ያፈስሳል፤ ከዚህም የተነሣ የቅኔ ሊቃውንት የላይኛውን ትርጓሜ ሰም፥ የውስጡን ወርቅ ብለው ጠሩት። እንግሊዛዊው ሊቅ አይ. ኤ. ሪቻርድስ በ1936 ባሳተመው የንግግር ጥበብ መጽሐፉ ምሳሌውን «ተሸካሚ»፥ የሚሸከመውንም አሳብ በሌላ ስም ለይቶ ሲያስረዳ፥ የቅኔ ቤት ተማሪ ከብዙ ዘመን በፊት በለመደው መንገድ አጠገብ ይሄድ ነበር። ሰምና ወርቅ በአንድ ቃል ላይ ሁለት ትርጓሜ የሚያድርበት ስለ ሆነ ከእንግሊዝኛው ሜታፎር ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን «ላዩን አይተህ አትመለስ፤ ውስጡን ፈልግ» የሚለውን ትምህርት ለልጅ ለመስጠት ከዚህ የቀለለ መግቢያ አይገኝም።

ሁለተኛው መሣሪያ እንቆቅልሽ ነው። እንቆቅልሽ ማለት የተመሰለው ነገር ተደብቆ ምሳሌው ብቻ የቀረበበት አነጋገር ነው። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይላል፤ የስዋሂሊው «ኪቴንዳዊሊ» ሲባል «ቴጋ» ብሎ ይመልሳል። አስተማሪው በአንድ ሰዓት ትምህርት ተማሪዎቹ ከየቤታቸው እንቆቅልሽ እንዲያመጡ፥ በእንግሊዝኛም እንዲናገሩት፥ መልሱ ከታወቀ በኋላ ጥያቄውንና መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አጋጥመው ሜታፎር እንዲያደርጉት ሊያዝዛቸው ይችላል። ለምሳሌ «ራሱን በአንድ መንግሥት፥ እግሩን በሌላ መንግሥት ዘርግቶ የሚያድር ማን ነው?» ቢባል መልሱ «ሞያሌ» ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ሞያሌ ራሱን በኢትዮጵያ፥ እግሩን በኬንያ ዘርግቶ ይተኛል» የሚል ይሆናል። ከተማውን እንደ ሰው ማስተኛቱም ሰውኛ ዘይቤ መሆኑን ተማሪው ሠርቶ ካየው በኋላ ስሙን ቢነግሩት አይረሳውም።

ሦስተኛው መሣሪያ የተቆረጠ ንጽጽር ነው። አስተማሪው «እንደ … ታጋሽ»፥ «እንደ … ደረቅ»፥ «እንደ … የተወደደ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ጽፎ ባዶውን ስፍራ ተማሪው እንዲሞላ ያደርጋል። ሕጉም አንድ ብቻ ነው፤ ተማሪው በዚያ ሳምንት በዓይኑ ያላየውን ነገር መጻፍ አይፈቀድለትም። ያን ጊዜ አንዱ «በጉምሩክ በር ወረፋ እንደ ያዘ የጭነት መኪና ታጋሽ»፥ ሌላዋ «አራት ጀሪካን ውሃ እንደ ተሸከመች አህያ ዝምተኛ» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሙሉ ሦስተኛውን ጥያቄ ይጠይቃል። የጭነት መኪና በእውነት ይታገሣልን፥ ወይስ የሚታገሠው ሾፌሩ ነው? ክርክሩ ራሱ ትምህርቱ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው ተማሪው የሚፈተነው ሞያሌን በማያውቅ ሰው ነው፤ ስለ ገና ዝናብ ቢጽፍ ማን ይረዳዋል የሚል ነው። ይህ የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ምሳሌውን መተው ሳይሆን ለማያውቅ አንባቢ እንዲገባው አድርጎ መጻፍን ማስተማር ነው። «እንደ ገና ዝናብ» ብቻ ያለ እንደ ሆነ እንግዳው አንባቢ በሩ ላይ ይቀራል፤ «ከረጅም ድርቅ በኋላ እንደ ዘነበ» የሚለው ሲጨመርበት ግን ገና ምን እንደ ሆነ የማያውቀውም ሰው ደስታውን ይረዳዋል። ሩቅ ላለ አንባቢ ማሰብ ደግሞ የድርሰት ትምህርት ዋና ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ እንግሊዝኛ የእንግሊዞች ስለ ሆነ በእንግሊዞች ምሳሌ ብቻ መጻፍ አለበት የሚል ነው። ይህን የአፍሪካ ደራስያን በሥራቸው ከመለሱት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በ1958 በታተመው የመጀመሪያው ልብ ወለዱ የኢግቦን ምሳሌያዊ አነጋገሮች ወደ እንግሊዝኛ አስገባ፤ መጽሐፉም በዓለም ሁሉ ተነበበ። ዩጋንዳዊው ኦኮት ፒቢቴክ በአቾሊ ቋንቋ የደረሰውን «የላዊኖ ዘፈን» ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1966 በናይሮቢ ሲያሳትም፥ በአሮጌ ግቢ የበቀለ ዱባ የአባቶች ቅርስ ምሳሌ ሆኖ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ተዋወቀ። ኢትዮጵያዊው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1965 በእንግሊዝኛ ባሳተመው ተውኔት ርእስ ላይ ኦዳንና ኦክን ጎን ለጎን አቆማቸው። ኦዳ በኦሮሞ ዘንድ የተከበረ፥ ሸንጎ የሚቀመጡበት የሾላ ዛፍ ነው፤ ኦክ ግን የአውሮፓ ዛፍ ነው። ደራሲው ኦዳን በኦክ ለውጦ አላጠፋውም፤ አንባቢው በሚያውቀው ዛፍ በኩል ወደማያውቀው ዛፍ እንዲደርስ አደረገ እንጂ። የሞያሌም ተማሪ ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል።

ክቡራን መምህራን፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ብዙ ተማሪ በአንድ ክፍል፥ ጥቂት መጽሐፍ በአንድ መደርደሪያ ይዞ እንደሚደክም የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዚህ በላይ የተነገሩት መሣሪያዎች ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አስተማሪው ቀዩን ብዕር ከማንሣቱ በፊት «ይህ ልጅ የቋንቋውን ስምምነት ስቷልን፥ ወይስ እኔ ያላየሁትን ነገር አይቷል?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ነው። የመጀመሪያው ሲሆን በትዕግሥት ያርመው። ሁለተኛው ሲሆን ያመስግነው፤ ለክፍሉም ያንብብለት። እንዲህ የተማረ ልጅ የእንግሊዞችን የዝናብ ቀን ትርጓሜ አይስትም፤ የገዛ አገሩንም ዝናብ አይረሳም። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ እንግሊዝኛን ተማረ ማለት ይህ ነው።